በጀርባቸው የወንጌላዊ ስም ያለባቸው የገና ጌጦች

በቤታችን የገና ዛፍ ላይ ከሚሰቀሉት ጌጦች አምስቱ በጀርባቸው ጽሑፍ አላቸው። የተጻፈው የልጄ ስም አይደለም፤ ዓመተ ምሕረቱና የዘመኑ ወንጌላዊ ስም ነው። የመጀመሪያው «2014፣ ዘመነ ማርቆስ» ይላል። ከዚያ ሉቃስ፣ ዮሐንስና ማቴዎስ ተከታትለው መጡ፤ ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ዙሩ ተመልሶ ማርቆስ ላይ ደረሰ። በፊተኛው ዘመነ ማርቆስ ልጄ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሕፃን ነበረች፤ አሁን አምስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ሁለቱን ማርቆሶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ባየሁበት ምሽት ይህን ለመጻፍ ወሰንኩ። ከትንሽ ልጅ ጋር የበዓል ጌጥ ለመሥራት የሚያስቡ ወላጆች፣ ጌጡ ዓመታትን ተሻግሮ እንዲቆይና የልጁን እጅ በእውነት ይዞ እንዲቀር የሚያስፈልገውን ነገር፣ እኔ ተሳስቼ ከተማርኩት ላይ ቢወስዱ ደስ ይለኛል።

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። በልጅነቴ የገና ዛፍ ማለት አባቴ ቆርጦ የሚያመጣው የጽድ ቅርንጫፍ ነበር። አፈር በተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይተከልና ጥጥ ይበተንበታል፤ ፊኛና ከዘመድ የተላኩ ፖስት ካርዶችም በክር ይንጠለጠሉበታል። ጥጡ በረዶ ነው ይሉን ነበር። እኔ የማውቀው በረዶ በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያችንን የሚደበድበውን ስለነበር፣ ጥጥ እንዴት በረዶ እንደሚሆን አይገባኝም ነበር፤ ነገር ግን ጥጡ እናቴ ከምትፈትለው ባዘቶ የተቆነጠረ መሆኑን አውቅ ስለነበር ዛፉ የእኛው ዛፍ መሆኑ ይሰማኝ ነበር። ከእነዚያ ጌጦች ዛሬ አንዱም የለም። ፊኛው ፈንድቷል፤ ጥጡ ከደረቀው ቅርንጫፍ ጋር ተጥሏል። ልጄ ስትወለድ፣ ቢያንስ አንድ ነገር በየዓመቱ ከእጇ ወጥቶ እንዲቆይላት ተመኘሁ። ከመርካቶ የምንገዛቸው የሚያብረቀርቁ ኳሶች ያምራሉ፤ በዛፋችን ላይም አሉ፤ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ ግን ማንም መናገር አይችልም።

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ መግቢያ ላይ እናቴና እኔ የጨው ሊጥ አቦካን። መጠኑ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ በአንድ ዓይነት ኩባያ እየተለካ ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ደቃቅ የገበታ ጨው፣ እስከ አንድ ኩባያ የሚደርስ ለብ ያለ ውኃ ነው። ውኃው በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ ሊጡ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ በዝቶበታል፣ ሲዳምጡት ጠርዙ የሚሰነጠቅ ከሆነ ደግሞ አንሶታል። አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ከታሸ በኋላ ልስልስ ይላል። እርሾ አይገባበትም፤ ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ዱቄትም አይሆንም፤ ምክንያቱም ሊጡ በሙቀት ከተነፋ የተቀረጸው አሻራ ይጠፋል። ጨው የሚበዛበት ለጣዕም አይደለም፤ እርጥበቱን ስቦ ሊጡ እንዳይሻግት የሚጠብቀው እርሱ ነው። ወቅቱ ጾመ ነቢያት በመሆኑ በቤታችን ወተትም እንቁላልም አልነበረም፤ ዱቄት፣ ጨውና ውኃ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ለዚያ ሰሞን ምንኛ እንደሚመች ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

ሊጡን በመዳመጫ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሰጥተን ዘረጋነውና በትልቅ ብርጭቆ አፍ ክብ አድርገን ቆረጥነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል መስሎኝ ነበር። የአንድ ዓመት ልጅ ግን ቀዝቃዛ ሊጥ ሲነካ ጣቶቹን ይጨብጣል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱም ጊዜ ሊጡ ላይ የቀረው የጭብጥ ጉድጓድ ነበር። እናቴ «ቆዪ፣ አትጫኛት» አለችኝና የልጄን እጅ በለብ ያለ ውኃ አሙቃ፣ የእጇን ጀርባ ከአንጓዋ ወደ ጣቶቿ በቀስታ ዳበሰችው። ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። በዚያች ቅጽበት እጇን ሊጡ ላይ አሳረፍነው፤ እናቴ እያንዳንዷን ጣት በአንድ ጣቷ ጫን አደረገችልኝ። ከአንጓዋ እስከ መሐል ጣቷ ጫፍ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ልጅዎ በዚህ ዕድሜ ላይ ከሆነ ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ ሆዱም ሞልቶ ሳለ መሞከር ይሻላል፤ በተራበ ልጅ እጅ ይህ ሥራ አይሳካም።

የልጄ ቀጣይ ሐሳብ ሊጡን ወደ አፏ መውሰድ ነበር። ይህን በግልጽ ልናገር፤ በሊጡ ውስጥ ያለው የጨው መጠን ትንሽ ልጅን ይጎዳል፣ ለውሻ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲሠራ አንድ አዋቂ ሰው ከሕፃኑ አጠገብ መለየት የለበትም፤ ውሻ ያለበት ቤትም ጌጡን በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ መስቀል አይገባውም።

የመስቀያው ቀዳዳ ሊጡ እርጥብ ሳለ በስትሮ ይበሳል፤ ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ጌጡ ሲደርቅ ይሰበራል። ኦቨን ያለው ሰው ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት፣ እንደ እጅ አሻራ ያለውን ወፍራሙን ደግሞ ከዚያም በላይ ያድርቀው፤ በመካከልም ይገልብጠው። መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል፤ ሙቀቱ ከፍ ካለ ሊጡ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። በመጀመሪያው ዓመት መብራት በመሐል ስለጠፋ ግማሽ የደረቀውን ጌጥ በመስኮት አጠገብ ለፀሐይ አሰጣነው፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ታማኝ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን ደረቀ። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ በምጣዱ ላይ በሚቀረው ሙቀትም ሞክሬያለሁ፤ ምጣዱ እጅ እስኪያሳርፍ ድረስ ካልበረደ የታችኛው ገጽ ቀድሞ ይደርቅና ጠርዙ ወደ ላይ ይቆለመማል።

የከፋው ስሕተቴ የታየው በክረምት ነው። ጌጡን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼው ነበር። ነሐሴ ውስጥ ሌላ ነገር ስፈልግ እጄ ነካው፤ ላብ እንደያዘው ሰው ወርዝቶ አገኘሁት። ጨው የአየሩን እርጥበት ይስባል፤ ፌስታሉ ደግሞ የገባውን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋል። የትንሿ ጣቷ ጫፍ ያረፈችበት ጠርዝ ሳነሣው እጄ ላይ ቀረ። ለብዙ ሰው ቁራጭ ሊጥ ነው፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያች ጣት ያን ጊዜ የነበራትን መጠን ዳግመኛ ልትሆን አትችልምና። ጌጡን በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና አድርቄ የተሰበረውን በኮላ ከመለስኩ በኋላ፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ጠርዙንና የቀዳዳውን ውስጥ ሳይቀር ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ቫርኒሹ የሚቀባው ጌጡ እስከ መሐሉ ድረስ መድረቁ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው፤ እርጥበቱ ውስጥ ከታሸገ ከውስጥ ወደ ውጭ ያበላሸዋል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጌጥ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እየጠቀለልኩ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሦስት ክረምትም በሰላም አልፎለታል።

የ2015ቱ፣ የዘመነ ሉቃሱ፣ ብዙ ታሪክ የለውም። ልጄ ምስርና ሽምብራ እየለቀመች በክቡ ሊጥ ላይ ተከለች፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም፤ ጣቶቿም ይሠለጥናሉ፣ እርሷም ረጅም ጊዜ ትቀመጣለች። በፀሐይ ብቻ ያደረቅነው ግን ነቀዝ ገባበት። እህል የሚተከልበት ጌጥ በኦቨን ማለፍ አለበት።

ሦስተኛውን፣ የዘመነ ዮሐንሱን፣ ሳየው እስከ አሁን ድረስ ያመኛል። ልጄ ሦስት ዓመት አልፏት ነበር፤ ኮከብ መሥራት እንደምትፈልግ በራሷ አፍ ነገረችኝ። ቢላ ስለማልሰጣት ሊጡን በእጇ እየጎተተች አምስት ክንድ አወጣችለት፤ አንዱ ክንድ ከሌሎቹ እጥፍ ይረዝም ነበር። በመሐሉ አውራ ጣቷን ደጋግማ ተከለች፤ ሲደርቅም ሰማያዊና ቀይ የውኃ ቀለም ደራርባ ቀባችው፤ ሁለቱ ተቀላቅለው የደፈረሰ ሐምራዊ ሆነ። በዚያ ዓመት ገናን እኛ ቤት የሚያከብሩ ዘመዶች ነበሩን፤ ዛፉም እንዲያምር ፈለግሁ። ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ረጅሙን ክንድ በሞረድ አሳጠርኩት፤ ጉድጓዶቹን በቀረው ሊጥ ደፈንኩ፤ ሁሉንም በወርቃማ ቀለም ሸፈንኩት። ጠዋት ወደ ዛፉ ሄዳ ፈለገች፤ ፈልጋም አጣች። «ማሚ፣ የኔስ?» አለችኝ። ወርቃማውን ኮከብ አውርጄ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው፤ «ይሄ የኔ አይደለም» ብላ መለሰችልኝና ወደ ጨዋታዋ ሄደች። አልተናደደችም፤ እውነቱን ነበር የተናገረችው።

በዚያው ጌጥ ጀርባ ላይ ሌላም ስሕተት አለ። ከልማድ «ታኅሣሥ 29» ብዬ ጽፌ ቫርኒሽ ቀብቼበታለሁ፤ እናቴ ነች ያሳየችኝ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። መፋቅ ስላልተቻለ «28» የሚለውን ከጎኑ ጨመርኩበት። ኮከቡን አልጣልኩትም፤ በየዓመቱ እሰቅለዋለሁ፤ ነገር ግን ከአምስቱ ጌጦች የልጄ እጅ የሌለበት እርሱ ብቻ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አውራ ጣት ምን ያህል እንደነበረ የሚነግረኝ ነገር ዛሬ በእጄ የለም፤ የነበረውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ልጄ ከተኛች በኋላ ሥራዋን አልነካም፤ ሌሎች ወላጆችም እንዳይነኩ እለምናለሁ። ዛፉን ማሳመር የፈለገ ሰው የራሱን ጌጥ ለብቻው ይሥራ።

በ2017 ዓ.ም. ሊጡን ተውነው። እናቴ ሰፌድና ሙዳይ መስፋት ከእናቷ የተማረች ሴት ነች፤ ያስቀመጠችውን ስንደዶና በቀይ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ የተነከረ አክርማ አወጣች። አክርማው ደረቅ ሆኖ ይሰበራልና ቀድሞ በውኃ ረጠበ። ስንደዶው ጠመዝማዛ እምብርት ሆኖ አክርማው በዙሪያው ይጠመጠማል፤ አንዱ ዙር ከሌላው ጋር የሚያያዘው በወስፌ በተበሳ ቀዳዳ ነው። ወስፌ የሾለ ብረት ስለሆነ ለአራት ዓመት ልጅ አይሰጥም፤ እናቴ ትወጋለች፣ ልጄ ደግሞ የአክርማውን ጫፍ በቀዳዳው አሳልፋ ትስባለች። «ነይ እስቲ እናቴ፣ አሁን ሳቢው… እሰይ!» ትላታለች። የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ክብ ለመስፋት ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀባቸው። ልጄ አንዳንዴ ጠንክራ፣ አንዳንዴ ላልታ ስለሳበችው ክቡ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ እናቴ ለሽያጭ ሰፌድ ብትሰፋ ኖሮ ፈትታ ትሰፋው ነበር፣ ይህን ግን አንድም ዙር አልፈታችም። ቀለሙንም የመረጠችው ልጄ ናት፤ ሦስት ዙር ሐምራዊ ተከታትሏል። ይህ ጌጥ አይወረዛም፣ ነቀዝም አይደፍረውም፤ ሊጡ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አይጠይቅም። አያት ወይም ይህን ሙያ የምታውቅ ጎረቤት በአቅራቢያ ያለችለት ቤተሰብ ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ በጌጡ ውስጥ የሁለት ሰው እጅ ይቀመጣልና። በጀርባው ለመጻፍ ስላልተቻለ «2017፣ ዘመነ ማቴዎስ» የሚለውን በትንሽ ጨርቅ ላይ ጠልፌ ሰፋሁበት።

ለዘንድሮው ዝግጅት የጀመርነው በመስከረም ነው። ልጄ የለቀመቻቸውን የአደይ አበባዎች በሁለት ወረቀት መካከል አድርገን በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ደብቀናቸው ነበር፤ በታኅሣሥ ስንከፍተው ደርቀው፣ ቢጫቸውም ትንሽ ደብዝዞ አገኘናቸው። ሊጡን በሁለት ከፍለን ለአንዱ እርድ፣ ለሌላው የተፈጨ ቡና ጨመርንበት። እርዱ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ከተሰቀለ ግን እየነጣ ይሄዳል። ቀይ ስር ከዚህ ቀደም ለሙከራ ጨምሬ ነበር፤ በኦቨን ውስጥ ወደ ቡናማ ስለተለወጠ አልደገምኩትም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሁሉን ነገር ራሷ ታደርጋለች፤ ዱቄቱን ለካች፣ ጨውን ለካች፣ ከዚያም ጎድጓዳ ሣህኑን ወደ ራሷ ስትስብ ግማሹ ዱቄት ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ልቆጣ ስል እናቴ ቀደመችኝ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለች። ልጄ የምሳሌውን ትርጉም ጠየቀቻትና ወሬው ወደ ገና ዱላና ወደ ሩሩ ዞረ፤ ከቀረው ሊጥም አንድ ክብ ሩር፣ ከወይራ ጭራሮ ደግሞ ጫፉ የቆለመመ አንዲት ትንሽ ዱላ ተሠሩ። ሁለቱም እናቴ በፈተለችው ፈትል ተያይዘው ዛፉ ላይ አሉ።

ዋናው ሥራ ግን የእጅ አሻራው ነበር። ዘንድሮ እጇን ማንም አልዳበሰም። ክቡን ሊጥ ፊቷ አስቀመጥኩት፤ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሁለተኛ እጇን በላዩ ደርባ ተጫነች። ስታነሣው የመዳፏ መስመሮች ሳይቀሩ ወጥተው ነበር። ሲደርቅ ከአንጓ እስከ መሐል ጣት ጫፍ ለካሁት፤ 13 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። አንዱን የአደይ አበባ በጠርዙ ላይ በኮላ አጣብቀን በላዩ ቫርኒሽ ቀባንበት። ከዚያም ከብስኩቱ ቆርቆሮ የ2014ቱን አውጥቼ አጠገቡ አኖርኩት። ልጄ አሁን ያላትን እጅ በድሮው ላይ አሳረፈች፤ ጣቶቿ ከክቡ ወጡ። «ይቺ ማን ናት?» አለች። «አንቺ ነሽ» አልኳት። ጠርዙ ተሰብሮ የተጣበቀበትን ቦታ በጣቷ ነካችና «እዚህ አሞኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ክረምቱን፣ ፌስታሉን፣ የተሰበረውን ጣት ነገርኳት፤ ደጋግማ አስነገረችኝ።

በጀርባው ለመጻፍ እስክሪብቶ ሳነሣ «እኔ ልጻፍ» አለች። በዚህ ዓመት ፊደል እየቆጠረች ነው፤ ማርቆስ በ«ማ» እንደሚጀምር እናቴ ነገረቻት። ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ አድርጌ ሰጠኋት። እግሩን በቀኝ በኩል ማውረድ ሲገባት በግራ አውርዳ፣ ክቡን ከዳር እስከ ዳር የሞላ አንድ ትልቅ «ማ» ጻፈች። ለተቀሩት ፊደላት የሚሆን ቦታ አልተረፈም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ብሩሹን ከእጇ ተቀበልኩና በጠርዙ በቀረችው ጥቂት ስፍራ «2018» ብዬ በደቃቁ ጻፍኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው እርሷው ስትጠብቀው አመሸች።